የጋራ ማውስ፣ የግል ትራክቦል፦ ለባሌ ደጋ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች የቀረበ ዳሰሳ

«ትራክቦል አይቼ አላውቅም» የሚል ሰው በሮቤም በጎባም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም በሌላ ጤና ተቋም አልትራሳውንድ የታየ አብዛኛው ሰው ከትራክቦል አጠገብ ተኝቶ ያውቃል። ባለሙያው በአንድ እጁ መመርመሪያውን ሆድ ላይ እያንሸራተተ በሌላው እጁ በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠች ኳስ ያሽከረክራል። የፅንሱን የጭንቅላት ስፋትና የጭን አጥንት ርዝመት ሲለካ ምልክቶቹን ከጫፍ ጫፍ የሚያደርሳቸው በዚህች ኳስ ነው። ኳሷ ትራክቦል ናት፤ ባሌ ውስጥ ሥራ ከጀመረችም ቆይታለች።

በቢሮና በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከጽሕፈትና ኮፒ ቤት እስከ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ባንክ መስኮት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማውስ ነው። ማንም መርጦ አላስቀመጠውም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ መጥቶ ቀረ። አንጓው ወይም ትከሻው መቆርጠም የጀመረ ሰው ግን አንድ ቀን «ከዚህ የተሻለ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራም፣ ግራኝም፣ እጁን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ የማይችልም ይጠይቃል።

ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ ወገን ማውስን የአንጓ ጠላት ያደርገዋል፤ ሌላው ትራክቦልን የጥቂት ሰዎች ፋሽን ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር አለ። እኛ ዘንድ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የትኛው ይበልጣል ከማለት በፊት መሣሪያውን ስንት እጅ እንደሚጋራው መጠየቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ታሪኩንም፣ ጥናቱንም፣ ዋጋውንም የሚመለከተው ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ነው።

አሠራራቸው

ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ የቢሮ ሠራተኛ ባለ ኳሱን ማውስ ያስታውሳል። ከሆዱ በኩል ክብ ክዳኑን አዙሮ ከፍቶ፣ ኳሱን አውጥቶ፣ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ዘንጎች ላይ የተጠመጠመውን ጥቁር እድፍ በጥፍሩ ፍቆ ያውቃል። ትራክቦል በመሠረቱ ያ ማውስ በጀርባው ተገልብጦ ማለት ነው። አካሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ የሚሽከረከረው ከላይ ያለው ኳስ ብቻ ነው፤ የሚያሽከረክሩትም ጣቶች ናቸው። ማውስ ላይ ግን አካሉ ራሱ ይጓዛል፤ አብረውት አንጓ፣ ክንድና ትከሻ ይጓዛሉ። የሁለቱ ጥቅምና ጉዳት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ልዩነት ነው።

ዛሬ በገበያ ያለው ማውስ ኳስ የለውም። ከሆዱ ብርሃን ወደ ጠረጴዛው ያበራል፤ አንዲት ትንሽ ካሜራ መሰል ሴንሰር ደግሞ የጠረጴዛውን ገጽ በየቅጽበቱ እያነሣች ምስሎቹን በማነጻጸር ስንት እንደተጓዘ ታሰላለች። ማይክሮሶፍት ይህን ዓይነት ማውስ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሰፊው ገበያ ካቀረበ በኋላ ባለ ኳሱ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ዘመናዊው ትራክቦልም በዚያው ዘዴ ይሠራል፤ ሴንሰሩ የሚያነበው ግን ጠረጴዛውን ሳይሆን የራሱን ኳስ ገጽ ነው። ስለዚህ ትራክቦል የጠረጴዛው ዓይነት አያሳስበውም። መስታወት፣ ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ደብተር፣ ሁሉም ለእርሱ አንድ ነው።

ትራክቦል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በአውራ ጣት የሚሽከረከር ነው፤ ቅርጹ ማውስ ይመስላል፣ ኳሱ በግራ ጎኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሎጂቴክ ኤም 570፣ በ2017 የወጣው ኤምኤክስ ኤርጎ እና በ2020 የወጣው ኤም 575 ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስቱም ለቀኝ እጅ ብቻ ተሠርተዋል። ሁለተኛው ትልቅ ኳሱ መሐል ላይ ተቀምጦ በጠቋሚና በመሐል ጣት የሚሽከረከር ነው። የኬንሲንግተን ኤክስፐርት ዋና ምሳሌው ነው፤ የኳሱ ስፋት 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ በግራም በቀኝም እጅ ይሠራል። አውራ ጣቱን የሚያመው ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ገዝቶ «ትራክቦል አልተስማማኝም» ቢል ጥፋቱ የምርጫ ነው።

የቀደመው ኳሱ ነው

ብዙ ሰው ትራክቦልን ከማውስ በኋላ የመጣ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ተቃራኒ ነው። እንግሊዛዊው ራልፍ ቤንጃሚን ለንጉሣዊው ባሕር ኃይል ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1946 በራዳር ስክሪን ላይ ነጥብ የሚያንቀሳቅስ ኳስ ፈለሰፈ። ወታደራዊ ምሥጢር ስለነበር ሳይሰፋ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1952 የካናዳ ባሕር ኃይል ዳታር በተባለ ፕሮጀክቱ ሌላ ትራክቦል ሠራ፤ ኳሱም ለቦውሊንግ ጨዋታ የተሠራ ኳስ ነበር።

ማውስ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳቡን አፈለቀ፣ የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን ከእንጨት ሠራው። ከሥሩ ሁለት መንኰራኩር ነበሩት። ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ አሳየው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የፈጠራ መብቱ ጸደቀ፤ ባለቤትነቱ ግን የተቋሙ ስለነበር ኤንግልባርት ከማውስ ሽያጭ የፈጠራ ክፍያ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ። ማውስን ወደየቤቱ ያስገባው በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ነው።

ትራክቦልም ጨርሶ አልጠፋም። አፕል በ1989 እና በ1991 ባወጣቸው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሮች ላይ ትራክቦል ገጠመ፤ በ1994 ግን በጣት በሚዳሰስ ሰሌዳ፣ ማለትም ዛሬ በየላፕቶፑ በምናየው ታችፓድ ተካው። ከዚያ ወዲህ ትራክቦል በዋናነት ጸንቶ የቀረው ራዳር በሚነበብበት፣ የአየር ትራፊክ በሚመራበት፣ አልትራሳውንድ በሚነሣበት ቦታ ነው። እነዚህ ሥራዎች የጋራ ጠባይ አላቸው። የቁጥጥር ሰሌዳው ቦታውን አይለቅም፣ ማውስ የሚንሸራተትበት ባዶ ጠረጴዛ የለም፣ ባለሙያው ደግሞ ለዚያ መሣሪያ ተብሎ ሠልጥኗል። ትራክቦል የት እንደሚበጅ ታሪኩ ራሱ ነግሮናል ማለት ነው።

ፍጥነትና ሕመም፦ ጥናቶቹ

ስለ ፍጥነት ያለው ማስረጃ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቱዋርት ካርድ፣ ዊሊያም ኢንግሊሽ እና ቤቲ በር ማውስን ከጆይስቲክና ከአቅጣጫ ቁልፎች ጋር አወዳድረው ማውስ እንደሚፈጥን አሳዩ። በ1991 ስኮት ማኬንዚ፣ አቢጌል ሴለን እና ቢል ባክስተን ማውስን፣ በብዕር የሚሠራ ሰሌዳንና ትራክቦልን በሁለት ሥራ ፈተኑ፦ አንድ ነጥብ ላይ ደርሶ መጫንና ቁልፉን ተጭኖ እንደያዙ መጎተት። ትራክቦል በሁለቱም ወደ ኋላ ቀረ፤ በመጎተት ላይ ደግሞ ስሕተቱ ጎልቶ ታየ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። አንድ ጣት ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ሲኖርበት ሌላው ጣት ኳሱን ያሽከረክራል፤ ሁለቱ ጣቶች በአንድ መዳፍ ውስጥ ይጓተታሉ።

ስለ ሕመም ያለው ማስረጃ ግን እንደሚወራው ቁርጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ወደ 7,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣውና ካርፓል ተነል የሚባለው ሕመም በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማውስ በሚጠቀሙት ዘንድ ከፍ ሊል እንደሚችል ጠቆመ፤ በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አላገኘም፤ በጠቅላላው ኮምፒውተር ከባድ የካርፓል ተነል ምክንያት ነው አላለም።

ትራክቦል መድኃኒት ነው ወይ ለሚለውም መልሱ «በከፊል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአንጓን አቀማመጥ የለካ ጥናት ትራክቦል አንጓ ወደ ትንሿ ጣት በኩል መታጠፉን ሲቀንስለት፣ ወደ ላይ መቀልበሱን ግን እንደሚጨምርበት አገኘ። በአንዱ በኩል የሰጠውን በሌላው በኩል ይወስዳል። በ2018 የወጣው፣ የጤና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ ደግሞ የቢሮ ሠራተኞችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስቦ መዘነ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ ያገኘው የክንድ ማሳረፊያ ከተለየ ዓይነት ማውስ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ የአንገትና የትከሻ ሕመምን እንደሚቀንስ ነው። የክንድ ማሳረፊያ የሚለውን ልብ ይሏል፤ ጥቅሙ የተገኘው መሣሪያው ብቻውን ሲቀየር አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ይህ ነው፦ ሕመሙ ትከሻ ላይ የሆነ ሰው ትራክቦል ሊረዳው ይችላል፤ ክንዱ ስለሚያርፍ ነው። አንጓው ወደ ላይ ሲቀለበስ የሚያመው ሰው ግን ለውጥ ላያይ ይችላል። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ጅማት የሚያመው ሰው በአውራ ጣት የሚሽከረከረውን ቢርቅ ይሻለዋል። እጁ ሌሊት የሚደነዝዘው ወይም ዕቃ ከእጁ የሚወድቅበት ሰው ደግሞ ጉዳዩ የዕቃ ግዢ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ሥራ በሥራ

ጽሕፈት ቤት። በሮቤ የሚተይብ ሰው በሁለት ፊደል ይሠራል፤ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል። በአማርኛ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ ሌላው ለአናባቢው። ስለዚህ ሁለቱም እጆች ከቁልፍ ሰሌዳው አይነሡም። የሰውና የኮምፒውተር ግንኙነት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ስሌት እጅ ከቁልፍ ሰሌዳ ወደ ማውስ ለመሄድ 0.4 ሰከንድ፣ ከዚያም ነጥቡ ላይ ለመድረስ 1.1 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ የክስ ጽሑፍና የኪራይ ውል የሚጽፍ ሰው ላይ ይህ ይደማመራል። ትራክቦል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሆነ እጅ ሳያይ ያገኘዋል፤ ያ ትንሽ ጥቅም ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ከሁለቱም አይመጣም። ኮፒ ለማድረግ ኮንትሮልና ሲ፣ ለመለጠፍ ኮንትሮልና ቪ፣ ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኤስ፣ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ለመሄድ ኦልትና ታብ የለመደ ጸሐፊ እጁ ወደ ማውስ የሚሄደው እጅግ ጥቂት ነው።

ፎቶና ባነር ቤት። የሠርግ አልበም የሚያዘጋጅ፣ የምረቃ ፎቶ ጀርባ የሚቀይር፣ ባነር የሚነድፍ ሰው ሥራው መጎተት ነው። በፎቶሾፕ የሰውን ፀጉር ዳር ዳሩን ይከተላል፤ በኮረል ድሮው መስመር ይጎትታል። የ1991ዱ ጥናት እንዳሳየው ይህ ትራክቦል የሚሸነፍበት ሜዳ ነው። እዚህ ማውስ ይበልጣል፤ አቅም ለፈቀደለት ደግሞ በብዕር የሚሠራ ሰሌዳ።

ቁጥር ማስገባት። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልን በመሰለ ተቋም ከሙከራ ማሳ የተለካው ቁመት፣ የዘለላ ቁጥር፣ የምርት ክብደት ሁሉ ወደ ኤክሴል ይገባል። ጣት የሚውለው በቁልፍ ሰሌዳው ቀኝ ጫፍ ባለው የቁጥር መደዳ ላይ ነው። ችግሩ ይህ መደዳ ማውሱን ወደ ቀኝ ገፍቶ ማራቁ ነው፤ ክርን ከጎን ይለያል፣ ትከሻ ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ያለ ወጪ ማውሱን ወደ ግራ እጅ ማዛወር ነው፤ ቀኙ ቁጥር ያስገባል፣ ግራው ይጠቁማል። ሌላው መሐል ላይ ኳስ ያለውን ትራክቦል በግራ በኩል ማስቀመጥ ነው። ግራ እጅ አይለምድም የሚል ካለ የአልትራሳውንድ ባለሙያዎችን ይመልከት፤ ብዙዎቹ መመርመሪያውን በቀኝ ይዘው ኳሱን የሚያሽከረክሩት በግራቸው ነው።

ካርታ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንደዚህ ያለ ፓርክ ላይ የሚሠራ ሰው የቀይ ቀበሮ መንጋ ክልልን፣ የደጋ አጋዘን መሰማሪያን፣ የሰደድ እሳት የደረሰበትን ቦታ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ያሰፍራል። ነጥብ መጣል እንደ መጎተት አይደለም፤ ኳሱን አሽከርክሮ አቁሞ መጫን ብቻ ነው። ሰፊ ካርታ ላይ ደግሞ ኳሱን አንዴ ገፍተው ሲለቁት ጠቋሚው ከስክሪን ጫፍ ጫፍ ይደርሳል። ላፕቶፕ ይዞ መኪና ውስጥ ወይም ጉልበቱ ላይ ለሚሠራ ሰው ጠረጴዛ የማይሻ መሣሪያ እውነተኛ እረፍት ነው።

ተማሪ። በጉዳያችን ላይ ክብደት ያለው ይህ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን በኮምፒውተር ይፈተናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ከፊሎቹም እንዲሁ። ተማሪው የሚቀመጠው በማያውቀው ኮምፒውተር ፊት ነው፤ እጁ የሚያገኘውም ማውስ ነው። ከጎሮ ወይም ከአጋርፋ ገጠር መጥቶ እስከዚያ ቀን ስልክ ብቻ የነካ ወጣት የፈተናው ሰዓት ማውስ መልመጃው መሆን የለበትም። ትራክቦል የለመደ ተማሪም ቢሆን በማውስ መሥራት ሊያውቅ ይገባል። ትምህርት ቤት ለኮምፒውተር ክፍሉ ምን ይግዛ ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ማውስ።

አካል ጉዳተኛ። ክንዱን ወይም ትከሻውን እንደ ልብ ለማያንቀሳቅስ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም በጥቂት ጣት ብቻ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ኳስ ማውስ የማይከፍተውን በር ይከፍታል። ጠቋሚውን ቦታው ላይ አድርሶ፣ እጁን ከኳሱ አንሥቶ፣ ከዚያ ተረጋግቶ መጫን ይችላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያሟላ ያዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ትራክቦል ሲጠይቅ ችሮታ ሳይሆን በሕግ የተሰጠውን መብት እየጠየቀ ነው።

አቧራ፣ ብርድና ጠረጴዛ

የባሌ ደጋ ሁለት የእርሻ ወቅት አለው፤ በአካባቢው አጠራር ገና እና ቦና። የስንዴው አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሮች ከሲናና እስከ አጋርፋ ማሳ ለማሳ ይሄዳሉ፤ ገለባውና አቧራው ደግሞ በመስኮት ይገባል። አቧራ ሁለቱንም ይጎዳል፤ አጎዳዱ ግን ይለያያል። ማውስ ከሥሩ ያለችው የብርሃን ቀዳዳ በፀጉርና በብናኝ ስትደፈን ጠቋሚው ይዘላል፤ እፍ ሲሉበት ወይም በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ይስተካከላል። ትራክቦል ላይ አቧራው ከጣት ቅባት ጋር ተጣብቆ ኳሱ በሚያርፍባቸው ሦስት ጥቃቅን መደገፊያዎች ላይ ይከማቻል። ኳሱ መሽከርከሩ ይከብዳል፣ ይንገራገጫል። ኳሱን ከሥር በጣት ገፍቶ ማውጣት፣ መደገፊያዎቹን በጥጥ መጥረግ፣ ኳሱን በደረቅ ጨርቅ አሽቶ መመለስ ያስፈልጋል። በአጨዳ ሰሞን ይህ የየሳምንቱ ሥራ ነው። አንድ ባለቤት ያለው ትራክቦል ይጠረጋል፤ አሥር ሰው የሚነካካው ግን «ሌላው ይጥረገው» እየተባለ እስከሚቆም ይቆያል። ኳሱ መውጣት መቻሉ ራሱ በጋራ ቦታ አደጋ ነው፤ ኳሱ የጠፋ ትራክቦል ከንቱ ነው።

ብርድም አለ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። ማለዳ ቢሮ የገባ ሰው ጣቱ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። የቀዘቀዘ ጣት ረቂቅ እንቅስቃሴ ያስቸግረዋል፤ ትራክቦል ደግሞ ሥራውን ሁሉ የሚጥለው በጣት ላይ ነው። ማውስ በክንድ ስለሚነዳ ብርዱን በተሻለ ይችለዋል።

ጠረጴዛው ደግሞ ለትራክቦል ይፈርዳል። በብዙ ጽሕፈት ቤት አንድ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ስክሪን፣ ቁልፍ ሰሌዳ፣ ማተሚያና የወረቀት ክምር ተደራርበዋል። ለማውስ የሚቀረው ቦታ ከመዳፍ አይሰፋም፤ ሰውየው ማውሱን እያነሣ መልሶ ሲያስቀምጥ ይውላል። መስታወት ወይም የሚያንጸባርቅ ገጽ ላይም ተራው ማውስ ይስታል። ለዚህኛው ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥቅም የሌለው ወረቀት ወይም ካርቶን ከሥሩ ማንጠፍ ይበቃል።

ዋጋና ጥገና

ተራ ባለ ገመድ ማውስ ሮቤም ሆነ ሻሸመኔ ኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ትራክቦል ግን ወይ ከአዲስ አበባ ተፈልጎ ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚደርስ ዕቃ ነው። ኤም 575 ሲወጣ ዋጋው 50 ዶላር ገደማ፣ ኤምኤክስ ኤርጎ ደግሞ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ከ3,000 ብር በታች ይመነዘር የነበረው የ50 ዶላር ዕቃ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ከ5,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ብዙ ተራ ማውስ ይገዛል።

በሌላ በኩል ማውስ ዘላቂ አይደለም። ገመዱ ከአንገቱ ላይ እየታጠፈ ይበጠሳል፤ የግራ ቁልፉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስዊች ደክማ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ይመልሳል። የሁለቱም ጥገና ከሞባይል ጠጋኝ አቅም በላይ አይደለም፤ ገመዱ ተቆርጦ ይበየዳል፣ ስዊቿ ከሌላ የሞተ ማውስ ተነቅላ ትተካለች። ትራክቦልም ያንኑ ዓይነት ስዊች ስለሚጠቀም ይጠገናል፤ አካሉ ስለማይጎተት ደግሞ ገመዱ አይጎዳም። መለዋወጫ ኳስና የተሰበረ አካል ግን እዚህ አይገኝም።

ገመድ አልባ የሆነው፣ ማውስም ይሁን ትራክቦል፣ ባትሪ ወይም ቻርጅ ይፈልጋል። ባትሪ በሥራ መሐል ሲያልቅ ተለዋጭ ከሌለ ሥራው ይቆማል። ለቢሮ ጠረጴዛ ባለ ገመዱ ይመረጣል።

ከግዢ በፊት የሚደረግ

ሕመም የጀመረው ሰው ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ያለ ገንዘብ የሚሞክራቸው ነገሮች አሉ። ወንበሩ ዝቅ፣ ጠረጴዛው ከፍ ካለ ትከሻ ይነሣል፤ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ወንበሩ ላይ ጨምሮ ክርን ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ክንድ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። ማውሱ ከቁልፍ ሰሌዳው ጎን ተጠግቶ ይቀመጥ። በኮምፒውተሩ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ የጠቋሚውን ፍጥነት ከፍ ማድረግ እጅ የሚጓዘውን ርቀት ያሳጥራል። ግራኝ የሆነ ሰው በዚያው ቦታ የግራና የቀኝ ቁልፉን ማለዋወጥ ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ እጅን ማፍታታትም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የትከሻ ሕመሙ ካልተሻለ ያኔ ትራክቦል ቢሞከር ምክንያት አለው።

ሞካሪው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ትራክቦል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዘገያል፤ ጠቋሚው ከታሰበው ቦታ ያልፋል፣ ሥራ ይጓተታል። ስለዚህ የሪፖርት ጊዜ ወይም የሠርግ ሰሞን ሲደርስ አይጀመርም። ማውሱም ወዲያው አይጣል፤ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው መሰካትና አብረው መሥራት ይችላሉ። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አድርጎ ሥራውን ለሁለት እጅ ማካፈል ብዙ ሰው የማያስበው፣ ግን ከሁሉ የሚሻል አማራጭ ነው።

ብይን

ለትምህርት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤትና ለኮፒ ቤት፣ ባጭሩ ብዙ እጅ ለሚፈራረቅበት ኮምፒውተር ሁሉ፣ ባለ ገመድ ተራ ማውስ ይገዛ። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ለግራኝም ለቀኝም ይሆናል፣ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል። ለምስልና ለንድፍ ሥራም ማውስ ይቅደም።

ለአንድ ሰው የተሰጠ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት፣ ትከሻው የሚያመው ወይም ቦታ የሚጠበው ከሆነ፣ ትራክቦል ገንዘቡን ያወጣል፤ ባለቤቱ እየጠረገ ይይዘዋልና። ከሁለቱ ዓይነት ደግሞ መሐል ላይ ኳስ ያለውና ለሁለቱም እጅ የሚሆነው ይመረጥ። አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ላለው ተቋም ጉዳዩ የምርጫ አይደለም፤ ከሚቀጥለው የዕቃ ግዢ ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ አንድ ትራክቦል ይካተት። ለሃያ ማውስ በሚወጣ ወጪ ላይ አንድ ትራክቦል መጨመር የትኛውንም መሥሪያ ቤት አያከስርም።